ዕድሜዋን ከጆሮዋ ጠይቁ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ ባሕርና ስለ ዓሣ የምታወጧቸውን ጽሑፎች እከታተላለሁ። ብዙዎቹ ጥሩ ናቸው። አንድ ነገር ግን ሁሌም ይከነክነኛል፣ ዛሬ ብዕር ያስነሳኝም እሱ ነው። ዜናው በየዓመቱ ተመሳሳይ ነው። በባሕሩ ዳርቻ ይህን ያህል የዓሣ ጫጩት በመረብ ወጣ፣ አማካይ ርዝመቱ ይህን ያህል ነው፣ ስለዚህ መጪው ጊዜ ጥሩ ይሆናል ወይም አይሆንም። በቃ፣ እዚያ ላይ ያልቃል። ስንት ቀናቸው ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። መቼ እንደተፈለፈሉ፣ ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ጠግበው ያሳለፉ ይሁኑ ተርበው፣ አንድም መስመር አይጻፍም። መልሱ ግን እዚያው ጭንቅላታቸው ውስጥ አለ።

የእኔ ሥራ ይህንኑ መልስ ፈልጎ ማውጣት ነው። ከትንንሽ የባሕር ዳርቻ ዓሦች ጆሮ ጠጠሩን አወጣለሁ፣ እሞርዳለሁ፣ በማይክሮስኮፕ አነባለሁ። የምጽፈው ከሩቅ የሰማሁትን አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓሣ ከውጭ የሚታይ ጆሮ የላትም፣ ውስጥ ግን አላት። በውስጠኛው ጆሮዋ በግራም በቀኝም ሦስት ሦስት ጠጠሮች ይገኛሉ። ሳይንሱ ኦቶሊት ይላቸዋል፣ በተለምዶ ደግሞ የጆሮ አጥንት ይባላሉ፤ ይባሉ እንጂ የተሠሩት ከካልሲየም ካርቦኔትና ከጥቂት ፕሮቲን ነው። ሥራቸው ማሰማትና ሚዛን ማስጠበቅ ነው። ድምፅ ሲመጣ የዓሣዋ ሰውነት ከውሃው ጋር አብሮ ይርገበገባል፣ ጠጠሩ ግን ከበድ ስለሚል ትንሽ ወደኋላ ይቀራል፤ ያችን ልዩነት ፀጉር መሰል ሴሎች ይይዟትና ወደ አንጎል ይልኳታል።

ለእኛ ዋናው ነገር አስተዳደጉ ነው። ጠጠሩ ላይ በየቀኑ አዲስ ሽፋን ይደረባል። በቀኑ አንደኛው ክፍል ካልሲየሙ ይበዛል፣ በሌላው ፕሮቲኑ። በማይክሮስኮፕ ሲታይ አንድ ብሩህና አንድ ጠቆር ያለ መስመር ይሆናሉ፤ ሁለቱ አንድ ላይ አንድ ቀን ናቸው። አንዴ የተደረበው ደግሞ ተመልሶ አይፈርስም። አጥንት ቢሆን ሰውነት ሲቸገር ማዕድን ይወስድበታል። ቅርፊትም ይረግፍና በቦታው ሌላ ይበቅላል፣ ያኔ የድሮው ታሪክ ጠፋ ማለት ነው። የጆሮ ጠጠር ግን ዓሣዋ ብትራብም ያለውን ይዞ ይቆያል፤ የረሃቡ ጊዜ ራሱ ቀጭን ቀለበት ሆኖ ይቀመጣል።

የዓመት ቀለበቱ ከታወቀ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። የዕለቱን ቀለበት ያሳወቀው ግን ጂኦርጂዮ ፓኔላ የሚባል ተመራማሪ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1971። ሰውየው ከዚያ በፊት የባሕር ዛጎሎችን የዕድገት መስመሮች ያጠና ነበር። ዓይኑ በመስመር የሠለጠነ ሰው ነውና የዓሣ ጠጠር ሲመለከት በሁለት የዓመት ቀለበቶች መካከል ወደ 360 የሚጠጉ ስስ ሽፋኖችን ቆጠረ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1976፣ ብራዘርስ፣ ማቲውስና ላስከር የተባሉ ተመራማሪዎች የዕለት ቀለበቱ በጫጩቶችም ላይ እንደሚነበብ አሳዩ። ከዚያ ወዲህ ትንሿን ዓሣ የምናይበት መንገድ ተለወጠ። ቢያንስ በቤተ ሙከራ ውስጥ ላለነው። ወደ ጋዜጣ ገጽ ግን እስካሁን በደንብ አልደረሰም፣ የእኔም ቅሬታ ይኸው ነው።

ለምን ይህን ያህል እንደሚያሳስበኝ ላስረዳ። ሁለት ጫጩቶች በአንድ መረብ ወጡ እንበል። ሁለቱም ልክ 2 ሴንቲ ሜትር ናቸው። በመለኪያው ሠንጠረዥ ላይ እኩል ናቸው። ጠጠራቸውን ስናነብ ግን አንዷ 30 ቀለበት አላት፣ ሌላዋ 45። ሁለተኛዋ እዚያው ርዝመት ላይ ለመድረስ ግማሽ ወር ተጨማሪ ፈጅቶባታል። ይህ ግማሽ ወር ቀላል ነገር አይደለም። ጫጩት በባሕር ውስጥ በየቀኑ ምግብ ትፈልጋለች፣ ብዙ ጊዜ ግን የሌላ ምግብ የምትሆነው እሷ ናት፤ ዕጣዋ በሌላ አፍ መግባት ነው። በየቀኑ ከመቶ አሥሩ የሚሞቱበት ባሕር ብናስብ፣ ከአንድ ሚሊዮን ጫጩቶች በ30ኛው ቀን ወደ 42 ሺህ ይቀራሉ። በ45ኛው ቀን ግን ከ9 ሺህ በታች። ያው ርዝመት፣ ያው መረብ፣ ያው ዓይነት ዓሣ። የዕድገት ፍጥነት ብቻ በመለየቱ የተረፈው ወደ አምስት እጥፍ ተለያየ። ቁጥሩን ለማስረዳት ነው የመረጥኩት፣ ስሌቱን ግን ማንም ወረቀትና እርሳስ ይዞ ሊያረጋግጠው ይችላል።

ይህን የተረዳው የመጀመሪያው ሰው ዮሃን ዮርት ይመስለኛል። ኖርዌያዊ የዓሣ ሀብት ተመራማሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1914 ባወጣው ትልቅ ሥራው ላይ የዓሣ ሀብት በየዓመቱ የሚዋዥቀው በዋናነት ጫጩቶቹ በመጀመሪያዎቹ የሕይወት ሳምንታት በሚደርስባቸው ነው ብሎ ተከራከረ። ያነሳው ምሳሌ እስከዛሬ ይገርመኛል፤ እ.ኤ.አ. በ1904 የተወለዱት የኖርዌይ ሄሪንጎች ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት የተያዘውን ዓሣ አብላጫውን ክፍል ይዘው ቆዩ። አንድ ጥሩ የልደት ዓመት ማለት ነው፣ ዓሣ አጥማጁን ለዓመታት ያበላ። ዮርት ያኔ የተጠቀመው ቅርፊት ነበር፣ ያም ዓመቱን እንጂ ቀኑን አይናገርም። የትኛው ሳምንት ጥሩ ነበር፣ የትኛው ገዳይ፣ ማወቂያ መንገድ አልነበረውም። እኛ አለን። አለን ብለን ካልተጠቀምንበት ግን ምን ዋጋ አለው?

ሥራው ምን እንደሚመስል ባጭሩ ላሳያችሁ። በጣም ትንሿ ጫጩት ሰውነቷ በብርሃን ያሳልፋል። በማይክሮስኮፕ ሥር አስተኝቼ ፖላራይዝድ የተባለውን ብርሃን ሳበራ ሌላው ሁሉ ይጨልምና ጠጠሮቹ ብቻ ከጭንቅላቷ ውስጥ ብልጭ ይላሉ። ይህን ያየ ሰው አይረሳውም። በቀጭን መርፌ አወጣቸዋለሁ፤ ወረንጦ ለዚህ መጠን ወፍራም ነው። አጥቤ መስታወት ላይ አስቀምጣለሁ፣ በሙቀት በሚቀልጥ ማጣበቂያ አጣብቃለሁ፣ ከዚያ እጅግ በላመ ብርጭቆ ወረቀት መሞረድ እጀምራለሁ። ሁለት ሦስቴ አሸት አድርጌ አያለሁ፣ እንደገና አሸት አደርጋለሁ፣ እንደገና አያለሁ። ሽንኩርት ልክ መሐሉን ካልተቆረጠ የመጨረሻዋ እምብርት እንደማትታይ ሁሉ፣ ይህም እምብርቱ ላይ ካልደረሰ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ይጎድላሉ። ካለፈ ደግሞ እነዚያ ቀናት ዱቄት ሆነው ሄዱ፣ መመለሻ የለውም። ከዚያ ዘይት ጠብ አድርጎ እስከ 1000 ጊዜ በማጉላት ከእምብርቱ እስከ ጠርዙ መቁጠር ነው። የአንድ ቀን ቀለበት ብዙውን ጊዜ ጥቂት ማይክሮን ነው፣ አንድ ማይክሮን ደግሞ የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ።

ስቆጥር የዓሣዋን ርዝመት አላይም። ይህ ሕግ ነው። ትልቅ መሆኗን ካወቅሁ ዓይኔ ቀለበት ይጨምርላታል፣ ሰው ነኝና። ሌላ ሰውም የእኔን ቁጥር ሳያይ ይቆጥራል፤ ሁለታችን ካልተስማማን እንደገና፣ አሁንም ካልተስማማን ያ ጠጠር ከጥናቱ ይወጣል።

ታዲያ ቀለበቱ በእርግጥ የአንድ ቀን መሆኑ በምን ይታወቃል? ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ጋዜጠኛም መጠየቅ ያለበት ይህንን ነው። ጫጩቶቹን ጠጠሩ ላይ ምልክት በሚተው ኬሚካል ውስጥ ለአጭር ጊዜ ማቆየት አንዱ መንገድ ነው፤ አሊዛሪን፣ ካልሴይን ወይም ኦክሲቴትራሳይክሊን የተባለው መድኃኒት ለዚህ ይውላሉ። በዚያ ቀን የተሠራው ቀለበት በልዩ ብርሃን ሲታይ ያበራል። ከ20 ቀን በኋላ ዓሣዋን ወስዶ ከሚያበራው መስመር እስከ ጠርዙ መቁጠር ነው። 20 ከሆነ ሥራው ታማኝ ነው። 14 ከሆነ ደግሞ የሆነ ችግር አለ። ይህ ለየዓሣው ዓይነት ለብቻው መረጋገጥ አለበት። አንዳንዱ የመጀመሪያ ቀለበቱን የሚሠራው በተፈለፈለበት ቀን ነው፣ አንዳንዱ የእንቁላሉን ስንቅ ጨርሶ በራሱ መብላት ሲጀምር። ያንን ሳያውቁ መቁጠር ልደቱን በቀናት ያዛባል። ደግሞም በጣም ቀስ ብሎ የሚያድግ ጫጩት ቀለበቱ ማይክሮስኮፕ ሊለየው ከሚችለው በታች ይቀጥናል፤ በሄሪንግ ጫጩቶች ላይ ይህ በደንብ ታይቷል፣ ከትክክለኛው ዕድሜ ያነሰ ቁጥር ይወጣል።

አንድ ሌላ ጥንቃቄም አለ፣ ብዙዎች ይዘሉታል። ጠጠሩና ሰውነቱ ሁልጊዜ እኩል አያድጉም። ርዝመታቸው እኩል ከሆኑ ሁለት ዓሦች መካከል በዝግታ ያደገችው ብዙ ጊዜ ተለቅ ያለ ጠጠር ይኖራታል፤ ሰውነቷ ሲዘገይ ጠጠሩ ሽፋኑን መደረቡን አላቋረጠም። ውሃው ሲሞቅም ጠጠሩ ከሰውነቱ ቀድሞ ሊሄድ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት ደግሞ ዋይት ሲባስ የሚባሉ ዓሦች ጫጩቶች ካርቦን ዳይኦክሳይድ በበዛበት ውሃ ውስጥ ሲያድጉ ጠጠራቸው ከተለመደው እንደሚተልቅ አሳይቷል። ስለዚህ ሰፊ ቀለበት ያየ ሁሉ “ጥሩ አድጋለች” ብሎ መደምደም የለበትም። በዚያው አካባቢ፣ በዚያው ሙቀት ካደጉት ጋር ማነጻጸር አለበት። ይህን የምጽፈው ዘዴውን ለማጣጣል አይደለም፣ የምወደው ሥራ በግድየለሽነት ሲሠራ ማየት ስለማልፈልግ ነው።

በጥንቃቄ ከተሠራ ግን የሚናገረው ነገር አስደናቂ ነው። ጠፍጣፋ ዓሦችን ውሰዱ፣ እነ ፕሌይስን። ሲፈለፈሉ እንደማንኛውም ዓሣ ቀጥ ብለው ነው የሚዋኙት፣ አንድ ዓይን በዚህ፣ አንድ ዓይን በዚያ። ከሳምንታት በኋላ አንዱ ዓይን በጭንቅላታቸው ላይ ተሻግሮ ወደ ሌላው ጎን ይሄዳል፣ ዓሣውም በጎኑ ተኝቶ አሸዋ ላይ መኖር ይጀምራል። ይህ ሁሉ ለውጥ ጠጠሩ ላይ ይታያል። በዚያ ጊዜ ከመጀመሪያው እምብርት ውጪ ተጨማሪ እምብርቶች ይፈጠራሉ፣ ቀለበቶቹም ከእነሱ ዙሪያ መደረብ ይጀምራሉ። ስለዚህ ዕድሜዋን ብቻ ሳይሆን ከክፍት ውሃ ወርዳ መሬት የያዘችበትን ጊዜ ማወቅ ይቻላል። በኮራል ዙሪያ የሚኖሩ ብዙ ዓሦችም እንዲሁ ናቸው፤ ከባሕሩ መጥተው ኮራሉ ላይ ሲሰፍሩ ቀለበቱ በድንገት ይቀየራል። ከዚያ ምልክት በፊትና በኋላ ያለውን መለካት ነው፤ በጉዞ ላይ እያለች ነው የተጎዳችው ወይስ ከደረሰች በኋላ?

ኬሚስትሪውም አለ፣ በሰፊው አልሄድበትም። ስትሮንቲየም የተባለው ንጥረ ነገር በባሕር ውሃ ይበዛል፣ ባሪየም የተባለው ደግሞ ከወንዝ በሚመጣ ውሃ ከፍ ይላል፣ ጠጠሩ ሁለቱንም ከነቀኑ ይመዘግባል። በሌዘር እየተነካ ሲለካ ጫጩቷ ወደ ወንዝ አፍ የገባችበት ጊዜ ይወጣል።

አሁን ወደ ቁጥር ዜናው ልመለስ። የባሕር ሣር፣ ማንግሮቭ፣ የባሕሩ ውሃ ከፍ ሲል የሚሸፈን ዝቅ ሲል የሚገለጥ ረግረግ፣ እነዚህ የጫጩቶች ማሳደጊያ ናቸው። ሁለት እንዲህ ዓይነት ቦታዎች አሉ እንበል። በአንዱ መረቡ ሞልቶ ወጣ፣ በሌላው ግማሹ። ቁጥር ብቻ የሚያይ ሰው የመጀመሪያውን ይጠብቅ ይላል። የመጨረሻዎቹን አሥር ቀለበቶች ስፋት ስንለካ ግን ብዙ ያሉበት ቦታ እየተራቡ፣ ጥቂት ያሉበት ቦታ በደንብ እያደጉ ልናገኛቸው እንችላለን። ተጠጋግተው ምግብ እየተሻሙ ሊሆን ይችላል። የተሻለ መሸሸጊያ አጥተው እዚያ ታጭቀውም ሊሆን ይችላል። የትኛው ቦታ ለነገው ዓሣ የበለጠ እንደሚያዋጣ ቁጥሩ ብቻውን አይነግራችሁም፤ ግንባታ ሲመጣ “ይህኛው ቢነካ ችግር የለውም” የሚባለው ግን አብዛኛውን ጊዜ በቁጥር ነው። ይህ ያናድደኛል።

ቁጥር ብቻውን የማይነግራችሁ ሁለተኛው ነገር የልደት ቀን ነው። በተያዘችበት ቀን ላይ ቀለበቶቿን ወደኋላ መቁጠር በቂ ነው። የብዙ ጫጩቶችን ልደት አንድ ላይ ስትደረድሩ አንዳንዴ እንግዳ ነገር ይወጣል። እናቶቹ ለሦስት ወር ያህል እንቁላል ሲጥሉ ቢቆዩም የተረፉት ጫጩቶች ልደት ግን በጣም ጠባብ በሆነ ጊዜ ውስጥ ሊሰበሰብ ይችላል። ከዚያ በፊትና በኋላ የተወለዱት ማዕበል አገኛቸው፣ ወይም ፕላንክተኑ፣ ማለትም ጫጩቶቹ የሚበሉት በውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ጥቃቅን ፍጥረት፣ ገና አልደረሰም፣ ወይም አልፏል። ማጥመድ የሚከለከልበት ወቅት የሚወሰነው እንቁላል በሚበዛበት ጊዜ ከሆነ ግን ለነገ የሚተርፉትን የሚወልዱትን እናቶች ሳይጠብቅ ሊቀር ይችላል። የክልከላውን ቀን የሚወስኑ ሰዎች ይህንን መረጃ ጠይቀው ያውቃሉ? ይህን ጥያቄ ከእኔ ይልቅ ጋዜጣ ቢጠይቅ መልስ ያገኛል።

ፈጥኖ ያደገ ሁሉ ይተርፋል ማለቴም አይደለም። በብዙ ጥናቶች በኋላ ላይ የተረፉት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሰፋ ያለ ቀለበት የነበራቸው ሆነው ተገኝተዋል። ተቃራኒው የታየበትም ጊዜ አለ፤ አዳኙ ተለቅ ያለውን መርጦ ሲበላ። የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው ግን አሁንም ጠጠሩን በማንበብ ነው። ቀድሞ የተያዙትን ከወራት በኋላ ከተረፉት ጋር አስተያይቶ፣ በተመሳሳይ ዕድሜ የነበራቸውን ቀለበት ለክቶ።

ጊዜ ይፈጃል፣ ውድ ነው የሚል መልስ እሰማለሁ። አዎ ጊዜ ይፈጃል። ግን የተያዘውን ሁሉ ማንበብ አያስፈልግም፣ ከየርዝመቱ ጥቂት ጥቂት መምረጥ ይበቃል። ዛሬ የሚያነብ ሰው ባይኖርም እንኳ ጠጠር በሥርዓት ከተቀመጠ ለአሥርተ ዓመታት ይቆያል፣ ነገ የሚመጣ ሰው ያነበዋል። የሚያስፈልገው ዓሣዋ የተያዘችበት ቀን፣ ቦታና ትክክለኛ አቀማመጥ ነው።

አቀማመጡ ላይ ደግሞ አደራ። ናሙና የሚሰበስቡ ሰዎች ይህን ጋዜጣ እንደሚያነቡ አውቃለሁ። ጫጩቶችን ፎርማሊን ውስጥ አትጨምሩ። ፎርማሊን እየቆየ አሲድ ይሆናል፣ አሲዱ ካልሲየም ካርቦኔትን ይበላል። አንድ ጊዜ ብዙ ድካም ወጥቶበት የተሰበሰበ የጫጩት ናሙና ተልኮልኝ ሥጋው ምንም ሳይሆን ጠጠሩ ግን ተቦርቡሮ፣ ጠርዙ ጠፍቶ፣ በብዙዎቹ ውስጥም ጭራሽ ሟሙቶ አግኝቼዋለሁ። ያ የዓመቱ ጫጩት ታሪክ ነበር። ድጋሚ ሊሰበሰብ አይችልም፣ ያ ዓመት አልፏል። ከመቶ 95 እጅ ንጹሕ የሆነ አልኮል ውስጥ ማስገባት፣ አልኮሉን በማግሥቱ መቀየር (ከዓሣዋ የሚወጣው ውሃ ያቀጥነዋልና)፣ ካልሆነም ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስቀመጥ። ይኸው ነው።

ለእናንተ ደግሞ የምለው ይህን ነው። በሚቀጥለው ጊዜ የጫጩት ቆጠራ ዜና ሲደርሳችሁ ከመታተሙ በፊት ለባለሙያው ሦስት ጥያቄ አቅርቡለት፤ አማካይ ዕድሜያቸው ስንት ቀን ነው፣ የተወለዱት መቼ ነው፣ የመጨረሻዎቹ ቀናት ዕድገታቸው ከባለፈው ዓመት ጋር ሲነጻጸር እንዴት ነው? “ጠጠሩን አላነበብንም” ካላችሁም ያንኑ ጻፉት።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንባቢያችሁ